የተዘዋዋሪ የማምረቻ ወጪ ድልድልና የምርቶች ትርፋማነት

የአንድ ፋብሪካ የማምረቻ ወጪ ቀጥተኛ ጥሬ ዕቃ፣ ቀጥተኛ የሰው ጉልበትና ተዘዋዋሪ የማምረቻ ወጪ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በየትኛው ምርት ላይ እንደዋሉ ከዕቃ ወጪ ሰነድና ከሥራ ሰዓት መዝገብ ይታወቃል። የማሽን ጥገና፣ የሕንፃና የመሣሪያ እርጅና፣ የተቆጣጣሪዎች ደመወዝና የጥራት ፍተሻን የመሳሰሉት ተዘዋዋሪ ወጪዎች ግን ምርቶቹ በጋራ የሚጠቀሙባቸው በመሆናቸው በድልድል ይከፋፈላሉ። የሽያጭና የጠቅላላ አስተዳደር ወጪዎች በዚህ ውስጥ አይካተቱም።

የቆየው አሠራር ጠቅላላውን ተዘዋዋሪ ወጪ በአንድ መሠረት፣ አብዛኛውን ጊዜም በሠራተኞች የሥራ ሰዓት፣ ማካፈል ነው። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ምርቶቹ በተለያየ ሂደት የሚያልፉ ከሆነ ውጤቱ ያሳስታል።

ለምሳሌ ያህል አቡጀዲና ባለቀለም አንሶላ የሚያመርት ፋብሪካ በወር 1,200,000 ብር ተዘዋዋሪ ወጪ አለው እንበል። ቀጥተኛ ወጪዎች ከሽያጭ ገቢ ሲቀነሱ ከአቡጀዲ 800,000፣ ከአንሶላ 500,000 ብር ይተርፋል። አቡጀዲው 9,000፣ አንሶላው 3,000 የሥራ ሰዓት የሚወስዱ በመሆኑ ድልድሉ 900,000 እና 300,000 ብር ይሆናል። በዚህ ስሌት አቡጀዲ 100,000 ብር ሲከስር አንሶላ 200,000 ብር ያተርፋል።

ይሁንና ከተዘዋዋሪ ወጪው ግማሹ ማሽን ለማስተካከል የሚወጣ ሲሆን፣ ከ40 ማስተካከያዎች 30ዎቹ የሚደረጉት ለአንሶላ ነው። ቀሪው ግማሽ በማሽን ሰዓት ሲከፋፈል አቡጀዲ 5,000፣ አንሶላ 3,000 ሰዓት ይይዛሉ። በዚህ መሠረት የአቡጀዲ ድርሻ 525,000፣ የአንሶላ ደግሞ 675,000 ብር ይሆናል። አቡጀዲ 275,000 ብር ያተርፋል፤ አንሶላ 175,000 ብር ይከስራል። የፋብሪካው ጠቅላላ ትርፍ በሁለቱም ስሌት 100,000 ብር ነው።

ተግባርን መሠረት ያደረገው ይህ የድልድል ዘዴ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሮቢን ኩፐርና ሮበርት ካፕላን በተባሉ ምሁራን ሥራ አማካይነት ነው።

ድልድሉ ቢስተካከልም ኪሳራ ያሳየውን ምርት ወዲያውኑ ማቋረጥ ተገቢ አይሆንም። የፋብሪካው ተዘዋዋሪ ወጪ ሳይቀንስ አንሶላው ቢቋረጥ ፋብሪካው በወር 400,000 ብር ይከስራል። በመጀመሪያው ስሌት ተመርቶ አቡጀዲውን ቢያቋርጥ ደግሞ ኪሳራው 700,000 ብር ይደርሳል። በመሆኑም ከውሳኔ በፊት ምርቱ ሲቋረጥ በእርግጥ የሚቀረው ወጪ የትኛው እንደሆነ መለየት፣ ዋጋን ማሻሻልና የማስተካከያውን ብዛት መቀነስ ይቻል እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ ሥራ ላይ ያልዋለ አቅም ነው። የዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 2 ቋሚ ተዘዋዋሪ ወጪ በመደበኛ የማምረት አቅም ልክ እንዲደለደል ይደነግጋል። ምርት በመቀነሱ ሳይደለደል የቀረው ወጪ በዘመኑ ወጪነት ይመዘገባል እንጂ በክምችት ላይ ባለ ምርት ዋጋ ላይ አይጫንም። በኢትዮጵያም የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ተግባራዊ እንዲሆኑ ደንግጓል።

የልማት ድርጅቶችን ሪፖርት የሚገመግም ኃላፊ አንድ ምርት ከሰረ ሲባል ሊያነሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ወጪው በምን መሠረት ተደለደለ? በምን ያህል የማምረት አቅም ተሰላ? ምርቱ ቢቋረጥ የሚቀረው ወጪ ስንት ነው?