የደቡብ ፈረንሳይ ቀይ ወይንና የመዘዞ በግ

እንደሚታወቀው በመዘዞና በአካባቢዋ ለእንግዳ የሚቀርበው ጠላ ነው፤ ጠንከር ሲል አረቄ፣ ለሠርግ ደግሞ ጠጅ ይጣላል። ወይንን የምናውቀው በቤተ ክርስቲያን ነው። ዘቢቡ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቅዳሴ ይቀርባል እንጂ ከገበታችን ላይ አይገኝም። ተክሉም ቢሆን የደጋችንን ውርጭ አይወድም። ታዲያ በገብስ፣ በባቄላና በበግ የሚተዳደር አርሶ አደር በሚያነበው የዩኒየን መጽሔት ላይ ስለ ፈረንሳይ ቀይ ወይን ለምን ይጻፋል የሚል አይጠፋም። መልሱ የአምራቾቹ ታሪክ ነው።

ላንግዶክ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር አጠገብ የሚገኝ አገር ነው። ኮርቢዬርና ሚነርቧ የተባሉት ቀይ ወይኖች የሚወጡት ከዚያ ድንጋያማ ኮረብታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የተባለ ከአሜሪካ የገባ ጥቃቅን ተባይ የወይኑን ሥር እየመጠጠ ማሳውን አጠፋው። መፍትሔ የተገኘው ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ጉቶ ላይ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በመቀጠል ነበር። ማሳው ሲያገግም ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ምርቱ ከገበያው በላይ ሆነ፤ ነጋዴውም በስኳርና በውኃ የተበረዘ ወይን እየሸጠ ዋጋውን ጣለው። አምራቹ ጎተራው ሞልቶ ዕዳ ውስጥ ገባ።

በዚህ ጊዜ ማሮሳን በምትባል መንደር የሚኖሩ አነስተኛ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1901 «ነፃ ወይን አምራቾች» የሚል ማኅበር አቋቋሙ። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ወይናቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ ነጋዴውን አልፈው፣ በፓሪስ ለሚገኙ የሠራተኞች የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በቀጥታ ሸጡ። ገዥውም ያልተበረዘ ወይን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1905 ታዋቂው ፖለቲከኛ ዣን ዦሬስ መንደሯን ጎብኝቶ ሥራቸውን አድንቋል። በዚያው ጊዜም የጋራ መጥመቂያና ማከማቻ ገነቡ፤ በፈረንሳይ የመጀመሪያው የወይን አምራቾች የኅብረት ሥራ መጥመቂያ ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

ያልተደራጀው ብዙኃኑ ግን አደባባይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1907 ማርስላን አልቤር በተባለ የመንደር ቡና ቤት ባለቤት መሪነት የተጀመረው ተቃውሞ ሰኔ 9 ቀን በሞንፔሊዬ ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው አሰባሰበ። በናርቦን ወታደር ተኩሶ ሰው ሞተ። በሰኔ መጨረሻ የወጣው ሕግ ማጭበርበርን ለመቆጣጠር እያንዳንዱ አምራች የምርቱን መጠን እንዲያስመዘግብ አዘዘ። ከዚያ በኋላ የጋራ መጥመቂያ በየመንደሩ በዛ።

ወደ ማዕዱ እንመለስ። የላንግዶክ ሰው ቀይ ወይኑን የሚጠጣው በከንቱ ሆድ አይደለም። ካሱሌ የሚባለው ምግባቸው ነጭ ቦሎቄ ከሥጋ ጋር በሸክላ ዕቃ ቀስ ብሎ የሚበስል ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከሸክላው ነው። በካርካሶን በኩል የበግ ሥጋ ይጨምሩበታል። የበግ ጥብሳቸውንም በጦስኝ ያጣፍጡታል። ጦስኝ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በመንዝ ሜዳ እየረገጥነው የምንሄደው ቅጠል ዘመዱ ነው። የቀይ ወይን ምላስ የሚይዝ ኮምጣጣነት የሚለዝበው ስብና ሥጋ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ላቱ የወፈረ የመንዝ በግ ጥብስ ወይም አልጫ ይስማማዋል። በርበሬ የበዛበት ቀይ ወጥ ግን ከደረቅ ቀይ ወይን ጋር አፍ ያቃጥላል፤ ለእርሱ ጣፈጥ ያለው ጠጃችን ይሻላል ባይ ነኝ።

በአገራችንም ቀይ ወይን አዲስ አይደለም። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርት የሆነው «ጉደር» ስሙን ከአምቦ ማዶ ካለችው ከተማ ወስዶ ለብዙ ዘመን ሲጠጣ ኖሯል። ቀጥሎ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ገዛ፤ ኋላም በዝዋይ (ባቱ) ከቦርዶ ያስመጣውን ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» የተባለውን ወይን ለገበያ አቀረበ። ጅብና ጉማሬ እንዳይገባ ማሳውን በቦይ ማጠሩ ሲወራ ነበር። ሥራው የሚደነቅ ነው። ሆኖም ማሳውም መጥመቂያውም የኩባንያው ሲሆን የአካባቢው ሰው ድርሻ የቀን ሥራ ነው። የማሮሳን ገበሬ ግን ማሳው የራሱ፣ መጥመቂያው የጋራው ነበር።

እኛም ማኅበር ሲባል በደርግ ዘመን መልባና ወልባ እየተባለ የታዘዝንበትን እናስታውሳለን። በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተው የአሁኑ አደረጃጀት የተጠናከረው በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲሆን በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። ዩኒየኖች እህልና ግብዓት በማቅረብ ብዙ ሠርተዋል። በጉ ግን በአብዛኛው አሁንም በደላላ እጅ ያልፋል። ገበያ የወጣ አርሶ አደር ዋጋውን የሚሰማው ከገዥው አፍ ነው፤ ሳይሸጥ መልሶ ሊነዳው ደግሞ መንገዱ ሩቅ፣ ጊዜውም የመሸ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ በሆቴሉ ገበታ ላይ ያለው የወይን ጠርሙስ የተመረተበት አገር ተጽፎበታል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ጥብስ ከመንዝ ይሁን ከሌላ ስፍራ የሚጠይቅም የሚናገርም የለም።