በአንድ ማሽን ሁለት ሥርዓት፦ ከድሬዳዋ ሐዲድ እስከ ኤክስኦ ኮምፒዩተር

ድሬዳዋ ጭነት ከአንድ የማጓጓዣ ሥርዓት ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ስፍራ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት ከጅቡቲ የተዘረጋው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱን ሐረር ለማድረስ ነበር፤ ዳሩ ግን ተራራውን መውጣት እጅግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ መሥመሩ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ። ስለዚህም በባቡር የመጣው ሸቀጥ ከፉርጎ እየወረደ በበቅሎና በግመል ይጫን፣ ከደጋ የወረደውም ቡናና ቆዳ ከአጋሰስ ጀርባ ወደ ፉርጎ ይገባ ጀመር። የከተማዪቱ ኑሮ የተመሠረተው ሁለቱ ሥርዓቶች በሚገናኙበት በዚህ ደጃፍ ላይ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ድሬዳዋ ሁለተኛ ሐዲድ አገኘች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የቀድሞው ግን 1000 ሚሊሜትር ነው። የ435 ሚሊሜትር ልዩነት ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የአንደኛው ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሽከረከር አይችልም። ሁለቱ መሥመሮች አንድ ከተማ ቢጋሩም፣ ጭነትን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሳለፍ አውርዶ እንደገና መጫን ግድ ይሆናል። ከዚህ እንደምንረዳው ሁለት ሥርዓት ጎን ለጎን መኖሩ ብቻውን ምርጫ አይሆንም። ምርጫ የሚሆነው በመካከላቸው የሚያሳልፍ በር ሲኖርና የበሩም ቁልፍ በተጠቃሚው እጅ ሲገኝ ነው።

የምድር ባቡር ሰው በሚገባ የሚያውቀው ይህ ጉዳይ በኮምፒዩተር ምሕንድስናም አለ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የማሽኑን ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚያዝዝና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያሠራ መሠረታዊ ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስና ሊነክስ የዚህ ዓይነቶች ናቸው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለቱንም ማስፈር ይቻላል፤ ማሽኑ ሲነሣ ግን የሚያዝዘው አንዱ ብቻ ነው። የትኛው እንደሚነሣ የሚወስነው ከሁለቱም አስቀድሞ የሚነቃው፣ ከፋብሪካው ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ፈርምዌር የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። በባቡር ሰው ቋንቋ ሲነገር፣ ፈርምዌር ባቡሩን ወደዚህኛው ወይም ወደዚያኛው ሐዲድ የሚመራው ማዞሪያ ነው። ይህ ማዞሪያ ምን ያህል ክብደት እንዳለው፣ ኢትዮጵያም የተካፈለችበት የኤክስኦ ኮምፒዩተር ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ኤክስኦን ለዓለም ያስተዋወቁት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበሩት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቱኒዝ ላይ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የኢንፎርሜሽን ጉባኤ ናሙናው ሲቀርብ፣ ዓላማው ለታዳጊ አገሮች ልጆች በ100 ዶላር የሚገዛ ኮምፒዩተር ማድረስ መሆኑ ተገለጸ። ማምረቱ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ሲጀመር ዋጋው ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ቢሆንም ማሽኑ በገበያ ከነበሩት ሁሉ የተለየ ነበር። የሚሽከረከር ዲስክም ሆነ ማራገቢያ የለውም፤ መጻፊያው አቧራና ውኃ እንዳያስገባ በጎማ ተሸፍኗል፤ ማሳያውም በጠራራ ፀሐይ ይነበባል። የድሬዳዋን ሙቀትና አቧራ የሚያውቅ መሐንዲስ የዚህን ንድፍ ብልኀት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የአንጎሉ ፍጥነት 433 ሜጋኸርትዝ፣ የሥራ ማኅደሩ 256 ሜጋባይት፣ ቋሚ ማከማቻውም 1 ጊጋባይት ብቻ ነበር። የተጫነበት ሊነክስ ሲሆን፣ በላዩ ለሕፃናት የተዘጋጀ ሹገር የተባለ ገጽታ ነበረው። የሹገር ኮድ ለሁሉ ክፍት በመሆኑ ማንም አገር በራሱ ቋንቋ ሊተረጉመውና ሊያሻሽለው ይችል ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በሺህ የሚቆጠሩ ኤክስኦዎች የገቡት በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ በነበረው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት ነው፤ ለአዲስ አበባና ለገጠር ትምህርት ቤቶችም ታደሉ። ለአገራችንም የግዕዝን ፊደል ከላቲኑ ጋር አጣምሮ የያዘ መጻፊያ ተነደፈ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 መለኪያ ውስጥ ገብቶ ስለ ነበር፣ በሊነክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍና ለማንበብ መሠረቱ ተጥሎ ቆይቷል። የኔዘርላንድ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ ማሽኑን የተጠቀሙት ልጆች ነገርን ከነገር በማመሳሰልና በመመደብ ችሎታ ካልተጠቀሙት በልጠው መገኘታቸውን ገልጠዋል።

የሁለት ሥርዓት ጥያቄ የተነሣው ማሽኖቹ ወደ ኢትዮጵያ በገቡበት ዘመን ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ባለሥልጣኖች መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩት በዊንዶውስ ስለ ሆነ ተማሪውም በዚያው ይልመድ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ኤክስኦን የሚያዘጋጀው ድርጅትና ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤክስፒ በማሽኑ ላይ እንዲሠራ መስማማታቸውን አስታወቁ። የሶፍትዌሩን ሥራ ይመሩ የነበሩት ዋልተር ቤንደር ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብለው ከድርጅቱ ለቀው ነበር፤ በኋላም ሹገርን ለብቻው የሚያሳድግ ሌላ ድርጅት አቋቋሙ። ክርክሩ በአንድ ወገን ገበያ የሚፈልገውን ሙያ ማስተማር፣ በሌላው ወገን ልጁ ውስጡን ከፍቶ የሚያየውና የሚለውጠው ሥርዓት መስጠት የሚል ነበር።

ወደ ምሕንድስናው ስንመለስ ሁለት ችግር ይገኛል። አንደኛው የቦታ ጥበት ነው። 1 ጊጋባይት ለኤክስፒና ለተከታዮቹ ፕሮግራሞች ስለማይበቃ፣ ኤክስፒ በማሽኑ ማሳያ ሥር በሚገኘው ቀዳዳ በሚገባ የኤስዲ ካርድ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሁለተኛውና ዋናው የማዞሪያው ነገር ነው። ኤክስፒ የተሠራው ባዮስ ከሚባለው የፒሲ ፈርምዌር ጋር እንዲነጋገር ሲሆን፣ ኤክስኦ ግን የሚነሣው ኦፕን ፈርምዌር በተባለ፣ ፎርዝ በሚባል ቋንቋ በተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ነው። ባዮስን በኦፕን ፈርምዌር ቦታ መተካት ማለት ሐዲዱን ነቅሎ ሌላ መዘርጋት ማለት ነው። ይህን የፈታው የኦፕን ፈርምዌር ፈጣሪ የሆነው ሚች ብራድሌይ ሲሆን፣ ያው ፈርምዌር ኤክስፒንም ሊያስነሣ እንዲችል አድርጎ አሻሻለው። ከዚህ በኋላ በአንድ ማሽን ላይ ሊነክስም ኤክስፒም እያንዳንዱ በየቦታው ሆኖ ሊኖር ቻለ።

ሌላ ዓይነት ሊነክስ ለሚጨምር ባለሙያ ደግሞ መንገዱ ቀላል ነበር። ፈርምዌሩ ማሽኑ ሲከፈት በመጀመሪያ በዩኤስቢ፣ ቀጥሎ በኤስዲ ካርድ፣ በመጨረሻም በውስጥ ማከማቻው ላይ ኦኤልፒሲ ነጥብ ኤፍቲኤች የተባለ አጭር የፎርዝ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ያገኘውንም ይፈጽማል። ስለዚህ ሁለተኛውን ሥርዓት በካርድ ላይ ከነዚህ ጽሑፍ ጋር ማሰናዳት ይበቃል። ካርዱ ሲገባ አዲሱ፣ ሲወጣ የቀድሞው ይነሣል፤ የውስጡ ማከማቻ ግን አይነካም። ሥራው ቢበላሽ የሚጠፋው ካርዱ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ማሽኑ ሲፈቅድ ነው። ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ኤክስኦ የተቆለፈ ነበር፤ በታወቀ ፊርማ ያልተረጋገጠ ሥርዓት አያስነሣም። ቁልፉን ለመክፈት ለእያንዳንዱ ማሽን በመለያ ቁጥሩ የሚሰጥ የፈቃድ ፋይል ያስፈልግ ነበር። ፋይሉን ማግኘት የተፈቀደ ቢሆንም፣ ጠያቂው ማንን እንደሚጠይቅ ማወቅና መልሱን መጠበቅ ነበረበት። ካርድና ሙያ ያለው መምህር እንኳ ይህ ፋይል ከሌለው ከደጅ ይቀራል።

ለኢትዮጵያ ልጅ ጉዳዩ ከዚህም ያልፋል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከፋብሪካው ሲወጣ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አልነበረውም፤ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የፊደላችንን ቅርጽ ያወጣው ከቀጣዩ ከቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነ በቀር፣ ወደ ኤክስፒ የሚዞር ልጅ በመጻፊያው ላይ የታተመውን ፊደል በማሳያው ላይ አያገኘውም። የሁለቱ ሥርዓቶች ልዩነት ለዚህ ልጅ በራሱ ቋንቋ መጻፍና አለመጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የተሻሻለው ኤክስኦ 4 ጊጋባይት ማከማቻ ስለ ነበረው፣ በአንዱ ሊነክስ ላይ ሹገርንና ለአዋቂዎች የሚሆነውን ግኖምን አብሮ ይዞ ቀረበ። ይህ በትክክል ሲታይ አንድ ሥርዓት በሁለት ገጽታ ነው፤ ያም ሆኖ ለቢሮ ሥራ መልመድ የሚለውን ጥያቄ ማዞሪያውን ሳይነካ በከፊል መልሶታል።

ይህ ታሪክ ለዛሬ ባልደረቦቻችን የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዳዲስ አንጎል ስለሚጠይቅ ብዙ ደህና ማሽኖችን አይቀበልም። በድሬዳዋም ሆነ በሌላ ከተማ እንዲህ ያሉ ኮምፒዩተሮች ያሉት መሥሪያ ቤት ከመጣላቸው በፊት ሊነክስን ጎን ለጎን አስገብቶ፣ ሠራተኛውን እያለማመደ፣ የቀድሞውን ለሚያስፈልገው ሥራ ብቻ ማቆየት ይችላል። ለዚህም ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ አስቀድሞ ሰነዶችን በሌላ ስፍራ መገልበጥ፣ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ እንደ ሆነ መክፈቻ ቁጥሩን መዝግቦ መያዝ፣ ከዚያም ለሁለተኛው ሥርዓት ቦታ መክፈል ነው።

ፊርማ የማረጋገጡ አሠራርም ከኤክስኦ ጋር አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከዊንዶውስ 8 ጋር የተስፋፋው ሴኪዩር ቡት ፊርማ የሌለውን ሥርዓት አያስነሣም፤ የታወቁት የሊነክስ ዓይነቶችም የሚነሡት በማይክሮሶፍት ቁልፍ በተፈረመ አነስተኛ አሸጋጋሪ ፕሮግራም ነው። አሠራሩ ከተንኮል ፕሮግራም ይጠብቃልና መኖሩ አይነቀፍም። ሆኖም ኮምፒዩተር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ስለ ፍጥነቱና ስለ ማከማቻው ሲጠይቅ፣ የፈርምዌሩ ይለፍ ቃል ለማን እንደሚሰጥና ሴኪዩር ቡትን ባለቤቱ ራሱ ማስተካከል ይችል እንደ ሆነ በግዥ ውሉ ላይ ማስፈር ይገባዋል። ይህ በውል ካልተያዘ፣ ማሽኑ ሲያረጅ ሁለተኛውን ሥርዓት ለማስገባት የሚፈልገው ባለሙያ የራሱን መሥሪያ ቤት ንብረት ለመክፈት የሌላ ፈቃድ ይጠብቃል።