ሕግ 12 እና የዳኛው ዓይን፦ አደገኛ አገባብ እንዴት ይመዘናል?

እ.ኤ.አ. በ2010 በጆሃንስበርግ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኔዘርላንዳዊው ናይጄል ደ ዮንግ በአየር ላይ ወደነበረች ኳስ እግሩን አንስቶ ገባና የታኬታው መርገጫ የስፔኑን ሻቢ አሎንሶን ደረት መታው። እንግሊዛዊው ዳኛ ሃዋርድ ዌብ ቢጫ ካርድ አሳየ። ዌብ በቅጽበቱ እይታው ተጋርዶበት እንደነበርና ድርጊቱን በምስል ሲያየው ቀይ ካርድ ይገባው እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ደ ዮንግ በሜዳው ቆየ፤ ስፔንም በጭማሪ ሰዓት 1 ለ 0 አሸነፈች።

የእግር ኳስ ሕግ 12 አካላዊ ጥፋትን በሦስት ደረጃ ይለያል። ጥንቃቄ የጎደለው አገባብ በቅጣት ምት ብቻ ይታለፋል። ተጫዋቹ በባላጋራው ላይ ሊደርስ ለሚችለው አደጋ ደንታ ቢስ ሆኖ ከገባ ቢጫ ይሰጠዋል። ከሚገባው በላይ ኃይል ከተጠቀመ ወይም የሌላውን ደኅንነት አደጋ ላይ ከጣለ ግን ከሜዳ ይወጣል። በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ድንበር ነው፤ እሱን ሕጉ ለዳኛው ፍርድ ትቶታል።

ተመልካች ብዙውን ጊዜ የሚከራከረው በሁለት ነገር ነው፦ «ኳሷን ነክቷል» እና «ሆን ብሎ አይደለም»። ሁለቱም አያድኑም። ሕጉ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሻሻል ለእነዚህ ጥፋቶች ሆን ተብሎ መፈጸምን መስፈርት ማድረጉን ትቷል፤ እኔም ትክክለኛ ለውጥ ነው እላለሁ። ዳኛ የተጫዋችን ልብ ማንበብ አይችልም፣ የሰውነቱን አኳኋን ግን ማየት ይችላል። ደ ዮንግ ኳሷን እየተመለከተ ነበር ቢባል እንኳ አሎንሶ ደረት ላይ ያረፈው ምት አይቀልም።

ዳኛው የሚያነባቸው ምልክቶች በአንድ ቅጽበት ይመጣሉ፦ ተጫዋቹ ከየት ርቀትና በምን ፍጥነት ገባ፣ ጉልበቱ ታጥፏል ወይስ እግሩ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፣ የታኬታው መርገጫ ወደ ባላጋራው ዞሯል ወይ፣ ግጭቱ እግር ላይ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ወይስ ከዚያ በላይ? ከሁሉ በላይ ተጫዋቹ ሰውነቱን መቆጣጠር ይችል ነበር ወይ? ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ተነስተው ከገባ መልሱ ከወዲሁ ታውቋል። እግር ከፍ ማድረግ በአቅራቢያው ላለ ባላጋራ አደገኛ ከሆነ፣ ግጭት ባይኖርም፣ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ያሰጣል፤ ሰው ከተነካ ነው ምዘናው የሚጀምረው።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሕጉ የተካተተው የቪዲዮ ረዳት ዳኛ እይታ ለሚጋረድበት ዳኛ መፍትሔ ሆኗል፤ ሌላ ፈተና ግን ይዞ መጥቷል። በዝግታ የሚታይ ምስል ግጭቱ የት እንዳረፈ በትክክል ያሳያል፤ ኃይሉን ግን ያዛባል፤ ተራ ግጭት እንኳ ታስቦበት የተፈጸመ ጭካኔ ይመስላል። ስለዚህ የአሠራር መመሪያው ዝግታውን ለንክኪው ቦታ፣ መደበኛውን ፍጥነት ደግሞ ለክብደቱ መድቧል። በእኔ እምነት ወደ ሜዳ ዳር የሚጠራ ዳኛ ምንጊዜም አስቀድሞ መደበኛውን ፍጥነት ማየት አለበት፤ የቆመ ምስል አስቀድሞ ካየ በኋላ ከዓይኑ ሊያወጣው ይከብደዋልና።