ኤድጋር ባርት፦ በሁለት ጀርመኖች መካከል

የጀርመን የመኪና እሽቅድምድም ሲነሣ ሁላችንም ሚካኤል ሹማከር እንላለን። ዛሬ ግን እምብዛም ስሙ የማይነሣውን ኤድጋር ባርትን እናንሣው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባርት በ1917 በሳክሶኒ ተወለደ። በሞተር ሳይክል ጀምሮ ከጦርነቱ በኋላ ወደ መኪና ዞረ። ጀርመን ለሁለት ስትከፈል የትውልድ ቀዬው ምሥራቅ ቀረ። አይዘናክ ከተማ ያለው የቀድሞ የቢኤምደብሊው ፋብሪካም እንዲሁ፤ ስሙም ተለውጦ ኢኤምደብሊው ተባለ። በ1953 ባርት በዚህ ፋብሪካ መኪና ኑርቡርግሪንግ ላይ በጀርመን ግራንድ ፕሪ ተወዳደረ። መኪናዋ ግን እስከ መጨረሻው አላደረሰችውም።

በኋላ ፋብሪካው የእሽቅድምድም ቡድኑን በተነ። ሹፌር አለ፣ መኪና የለም። ታዲያ ምን ያድርግ? በ1957 ለምዕራቡ ፖርሽ ነዳ፤ በዚያው ዓመት ጠቅልሎ ተሻገረ። የበርሊን ግንብ ሊሠራ 4 ዓመት ይቀረው ነበር።

ያኔ ዕድሜው 40 ነው። ሌላው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ የእሱ ወርቃማ ዘመን ገና ጀመረ። በ1959 ከቮልፍጋንግ ዛይደል ጋር ሆኖ በሲሲሊ ተራሮች የሚካሄደውን ታርጋ ፍሎሪዮ አሸነፈ። በአውሮፓ የዳገት ውድድርም በ1959፣ በ1963 እና በ1964 ሻምፒዮን ሆነ። በ1965 በ48 ዓመቱ ካንሰር ቀጠፈው። ልጁ ዩርገን በ1977 በፖርሽ የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ካሸነፉት 3 ሹፌሮች አንዱ ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር ባርት የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ጥሩ መኪና እጁ እስኪገባ 18 ዓመት ፈጀ። ሪከርድ መዝገብ የሚነግረን ስንት ዋንጫ እንዳነሣ ነው፤ ስንቱን ጦርነትና ድንበር እንደወሰዱበት አይነግረንም። እኛ ግን ስሙን ስናነሣ ሁለቱንም እንቁጠርለት።