ዘመናዊ የቴሌቪዥን ስክሪን በጎንደርና በደጋው፦ ምን ያህል ይቆያል? ምንስ ያበላሸዋል?

ከዐረብ ሀገር የሚመለስ ዘመድ ይዟቸው ከሚመጣቸው ዕቃዎች አንዱ ትልቅ ስክሪን ቴሌቪዥን ነው። በጎንደር አዲስ ዓለምም ሆነ ደባርቅ ላይ አንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚገዛው ወራት ቆጥቦ ነው፤ መስጂድ ከገዛው ደግሞ ገንዘቡ የሰደቃ ነው። ስለዚህ «ስንት ኢንች ነው?» ከማለት በፊት «ስንት ዓመት ይቆያል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። «ኪውሌድ» እና «ኦሌድ» በአጠራር ቢመሳሰሉም ዕቃዎቹ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ኪውሌድ ከተራው ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሁለቱም የኤልሲዲ ስክሪኖች ሲሆኑ ከኋላ በተደረደሩ ትንንሽ አምፖሎች ይበራሉ፤ ኪውሌዱ ቀለም የሚያደምቅ ተጨማሪ ንጣፍ አለው። ኦሌድ ግን የኋላ መብራት የለውም። ከስምንት ሚሊዮን በላይ የሆኑት የ4ኬ ስክሪን ነጥቦች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ያበራሉ። ኤልጂ ባለ 55 ኢንቹን ኦሌድ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር፤ ጥቁሩ በእርግጥ ጥቁር የሆነ፣ ዓይን የሚማርክ ምስል አለው።

ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። የሚያበሩት ነጥቦች ከካርቦን ውህዶች የተሠሩ በመሆናቸው በበሩ ቁጥር ይደክማሉ፤ ሰማያዊው ከሌሎቹ ቀድሞ ይደክማል። አንድ ቦታ ላይ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ምስል ካለ የዚያ ቦታ ነጥቦች ከጎረቤቶቻቸው በላይ ያልቁና ጥላው ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ባለሙያዎቹ «በርን ኢን» ይሉታል። አርቲንግስ የተባለው የካናዳ የዕቃ መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስድስት ኦሌድ ቴሌቪዥኖችን በቀን 20 ሰዓት እያበራ ሞክሯል። በከፍተኛ ብርሃን የዜና ጣቢያ ብቻ ሲያሳይ በቆየው ላይ የጣቢያው ምልክቶች ታትመው ቀሩ፤ የተለያየ ነገር ሲያሳይ የነበረው ግን ያን ያህል አልተጎዳም።

ይህ ጉዳይ የእኛን ቤቶች በቀጥታ ይመለከታል። ከመስጂደል ሐራም በቀጥታ የሚያስተላልፈውን የሳዑዲ የቁርኣን ጣቢያ ከፈጅር እስከ ዒሻእ ከፍተው የሚተዉ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ በረመዷንማ ሌሊቱም ይጨመራል። የጣቢያው አርማ ግን ከጥጉ አይነቃነቅም። ቤቱ እንዲህ የሚያዘወትር ከሆነ ኦሌድ ባይገዛ ይሻላል፤ ከገዛም ብርሃኑን ይቀንስ፤ ድምፁን ብቻ ለመስማት ከሆነ ስክሪኑን አጥፍቶ ድምፁን የሚያስቀር ምርጫ ብዙዎቹ ላይ አለ። ከዚህ የባሰው የመስጂድ የሶላት ሰዓት ማሳያ ነው። አምስቱ ስሞች፣ አምስቱ ሰዓቶች፣ ያው ሰንጠረዥ፣ ዓመቱን ሙሉ። ለዚህ አገልግሎት ኦሌድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ተራ ኤልሲዲ፣ ሲቻልም ለማስታወቂያ ሰሌዳነት ቀኑን ሙሉ እንዲበራ ተብሎ የተሠራው ይበቃል። እንዲያውም ቀይ ቁጥር የሚያሳየው የድሮው የግድግዳ ሰሌዳ ለዚህ ሥራ ከሁሉም ይቆያል ባይ ነኝ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኦሌድ ራሱን የሚያክመው ከጠፋ በኋላ ነው። ለምሳሌ የኤልጂዎቹ በድምሩ አራት ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ በሪሞት ሲጠፉ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ነጥቦቻቸውን እየለኩ ያስተካክላሉ። ለዚህ ግን ኤሌክትሪክ መኖር አለበት። እኛ ዘንድ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል ብለን ማታ ማታ ሶኬቱን እንነቅላለን፣ ወይም ማከፋፈያውን እናጠፋለን። ልማዱ ስሕተት አይደለም፤ ሰዓቱ ነው የሚስተካከለው። ቴሌቪዥኑን በሪሞት አጥፍቶ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ ከዚያ መንቀል።

የኤልሲዲዎቹ በሽታ ሌላ ነው። የኋላ አምፖሎቹ በተከታታይ ስለሚታሰሩ አንዱ ሲቃጠል መላው መስመር ሊጠፋ ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ ባትሪ ወደ ስክሪኑ ሲያበሩ ግን ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ይህ ከሆነ ፓነሉ ደህና ነው፤ የአምፖሉን መስመር መቀየር በቂ ሊሆን ስለሚችል «አልቋል» የሚል ጠጋኝ ሲገጥም ሌላ ማማከር ነው። በጣም ቀጭን የሆኑትና አምፖላቸው በጠርዝ ብቻ የተደረደረው በሙቀት ይበልጥ ይጎዳሉ። አምራቾች ለአምፖሎቹ 30,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዕድሜ ይሰጣሉ፤ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ አሥር ዓመት ነው። ነገር ግን ብርሃኑ ሁልጊዜ መቶ ላይ ከሆነ ያን ያህል መጠበቅ ያስቸግራል። ሱቅ ውስጥ እንዲደምቅ የተደረገውን ቅንብር ቤት ሲገባ መቀነስ ዋጋ የሌለው ጥገና ነው።

ወደ ከፍታው እንምጣ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ጎንደር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አንጻር በአንድ አምስተኛ፣ ደባርቅ ላይ በሩብ ያህል ይሳሳል። ቴሌቪዥን ሙቀቱን የሚያስወጣው በአየር ስለሆነ፣ የደጋው ብርድ ቢረዳውም የአየሩ መሳሳት ያንን በከፊል ይመልስበታል። ስለዚህ ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ፣ ጀርባውን በመጋረጃ ወይም በጥልፍ መሸፈን አይገባም። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀት በአሥር ዲግሪ ሲቀንስላቸው ዕድሜያቸው እጥፍ ያህል ይሆናል። የአንዳንድ ዕቃዎች ጀርባ ላይ የተራራ ሥዕልና «2000 ሜትር» የሚል ምልክት ይገኛል፤ ዕቃው ከዚያ በታች ላለ ቦታ ተፈትኗል ማለት ነው። በሳሳ አየር የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ በቀላሉ ይዘላልና ለደባርቅና ለዳባት 5000 ሜትር የሚለውን መፈለግ ነው። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ የቆመው ፕላዝማ በአሮጌ ዕቃነት ቢገኝም ለደጋ አይመከርም፤ በመስታወቶቹ መካከል ጋዝ ስላለ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይነዝራል።

በክረምት ነጎድጓድ ጊዜ ሶኬቱን ብቻ መንቀል በቂ አይደለም። መብረቁ በቆርቆሮው ላይ ካለው ዲሽ በኬብሉ ወርዶ ሪሲቨሩን፣ ከዚያም ቴሌቪዥኑን ያገኛል። የዲሹም ገመድ ይነቀል።

ያገለገለ ስክሪን የሚገዛ ሰው ግራጫ፣ ቀይና ነጭ ብቻ የሆኑ ምስሎችን በፍላሽ ይዞ ይሂድ፤ በርን ኢን በተለይ በግራጫና በቀይ ላይ ይወጣል። ብዙ ኤልጂዎች የሠሩበትን ጠቅላላ ሰዓት በመረጃ ገጻቸው ላይ ያሳያሉ። ሻጩም ጥላውን እያወቀ ዝም ማለት አይፈቀድለትም። በፊቅህ ኺያር አል-ዐይብ የሚባለው መብት ለዚሁ ነው፦ በሽያጩ ጊዜ የነበረና ገዢው ያላወቀው ነውር ሲገኝ ገዢው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። ከተገዛ በኋላ በመብራት መዋዠቅ የተቃጠለው ግን በዚህ አይገባም፤ ስለዚህ ፍተሻው ሻጩ ፊት፣ ቴሌቪዥኑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከበራ በኋላ ይደረግ።