የኤሌክትሮኒክ ሽያጭ ደረሰኝ፦ የቃሉ ፍችና አሠራሩ

የኤሌክትሮኒክ ሽያጭ ደረሰኝ ማለት ሻጭ ለገዢ ያቀረበውን ዕቃ ወይም አገልግሎት፣ ዋጋውንና በዋጋው ላይ የተሰላውን ታክስ የሚገልጽ፣ በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ በኮምፒውተር የሚላክ፣ የተቀባዩም ኮምፒውተር ሰው ሳያነብለት ተረድቶ ወደ ሂሳብ መዝገብ ሊያስገባው የሚችል የሽያጭ ሰነድ ነው። በነጋዴዎችና በሂሳብ ባለሙያዎች ዘንድ «ኢ-ኢንቮይስ» እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። በዚህ ፍች ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ሐረግ ነው፤ በስካነር ተነሥቶ በኢሜይል የተላከ ወይም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም የተላለፈ የወረቀት ደረሰኝ የወረቀቱ ሥዕል ነው እንጂ የኤሌክትሮኒክ ሽያጭ ደረሰኝ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ቁጥር 55 ሰነዱን የተረጎመው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ መረጃው በተዋቀረ መልክ ማለትም እያንዳንዱ ቁጥርና ስም በታወቀ ስፍራው ተቀምጦ በራሱ በማሽን ሊስተናገድ የሚችል መሆኑን እንደ መለያ ጠባይ ወስዶታል።

«ኢንቮይስ» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ፈጥኖ የሚያገኘው «ደረሰኝ» የሚለውን ቃል ነው፤ ይሁን እንጂ ቃሉ «ደረሰ» ከሚለው ግሥ የወጣና በተቀባዩ አንደበት የተነገረ በመሆኑ፣ በመሠረቱ የሚመሰክረው ገንዘቡ ወይም ዕቃው ተቀባዩ እጅ መግባቱን ነው። ኢንቮይስ ግን የሻጭ ቃል ነው፤ ይህን ያህል ሸጬአለሁ፣ ዋጋው ይህ ነው፣ ታክሱም ይህ ነው ብሎ የሚያስታውቅ ሲሆን፣ ገንዘቡ ገና ያልተከፈለ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሰነዶች በአንድ ስም መጠራታቸው የቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በሰኔ በዱቤ የሸጠና ገንዘቡን በመስከረም የተቀበለ ነጋዴ «ደረሰኝ» የሚለውን ሲሰማ የመስከረሙን ሰነድ ብቻ ካሰበ፣ በሰኔ ሽያጭ ላይ ያለበትን የታክስ ግዴታ ያለ ጊዜው ሊያሳውቅ ይችላል። ለዚህ ችግር አዲስ ቃል መፍጠር የሚያስፈልግ አይመስልም፤ መፍትሔው በየመደብሩ ባሉት ጥራዞች ላይ ታትሞ ይገኛልና። እነዚህ ጥራዞች «የእጅ በእጅ ሽያጭ ደረሰኝ»፣ «የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ» እና «የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ» እየተባሉ የሚለዩ ሲሆን፣ ኢንቮይስን ከገንዘብ ማረጋገጫው የሚለየው «ሽያጭ» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ «ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ» የሚለው አጭር አጠራር አሻሚ ነው፤ «የኤሌክትሮኒክ ሽያጭ ደረሰኝ» የሚለው ግን ነጋዴው አስቀድሞ የሚያውቀውን ልዩነት ጠብቆ ያቆያል። ከሽያጭ በፊት የሚሰጠው ፕሮፎርማ የዋጋ ማቅረቢያ እንጂ የሽያጭ ሰነድ ስላልሆነ በዚህ ስም አይጠቃለልም።

መንግሥታት ለዚህ ሰነድ ትልቅ ክብደት የሰጡት በተጨማሪ እሴት ታክስ ባሕርይ ምክንያት ነው። ይህ ታክስ እ.ኤ.አ. በ1954 በፈረንሳይ በሞሪስ ሎሬ አሳቢነት ከተጀመረ ወዲህ በብዙ አገሮች የተስፋፋ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ቀድሞ የነበረውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 መሠረት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ አዋጁም ከጊዜ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል። አሠራሩን በምሳሌ ለማየት፣ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ለጫማ አምራች በ100,000 ብር ቆዳ ቢሸጥ፣ በ15 በመቶ ምጣኔ 15,000 ብር ታክስ ጨምሮ ይሰበስባል፤ ጫማ አምራቹ ደግሞ ጫማዎቹን በ160,000 ብር ሲሸጥ 24,000 ብር ከገዢዎቹ ይሰበስብና፣ ለቆዳ ፋብሪካው የከፈለውን 15,000 ብር ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው 9,000 ብር ይሆናል። ይህን ቅናሽ እንዲያደርግ የሚያስችለው ከፋብሪካው የተቀበለው የሽያጭ ደረሰኝ ነው፤ በሌላ አነጋገር ደረሰኙ በገዢው እጅ ገንዘብን ይተካል። የሐሰተኛ ደረሰኝ ንግድ ሥር የሰደደውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ያው ጫማ አምራች ያልገዛውን የ50,000 ብር ዕቃ እንደ ገዛ የሚያስመስል አንድ ወረቀት ቢያገኝ፣ 7,500 ብር ተጨማሪ ቀንሶ የሚያስገባው 1,500 ብር ብቻ ይሆናል። ወረቀቱ እውነተኛ ማኅተምና እውነተኛ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው ቢመስልም፣ ሻጭ ተብሎ የተጠቀሰው ድርጅት ያንን ሽያጭ አሳውቆ እንደሆነ ለማረጋገጥ መርማሪው ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ማየት አለበት፤ ይህም በሚሊዮን በሚቆጠሩ ደረሰኞች ላይ በሰው እጅ የሚደረስበት ሥራ አይደለም።

ኢትዮጵያ ለዚህ ችግር አስቀድማ የሰጠችው መልስ በደንብ ቁጥር 139/1999 የተደነገገው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ በተለምዶ ካሽ ሬጅስተር የሚባለው ነው። መሣሪያው የማይፋቅ ማኅደረ ትውስታ ያለው ሲሆን፣ በቀኑ መጨረሻ ዜድ ሪፖርት የተባለውን ድምር ያወጣል። የመሣሪያው ጥቅም የማይናቅ ቢሆንም፣ ከኤሌክትሮኒክ ሽያጭ ደረሰኝ የሚለይበት ነጥብ መሠረታዊ ነው፦ የዕለት ድምር ሻጩ በጠቅላላው ምን ያህል እንደ ሸጠ ይናገራል፤ ለማን እንደ ሸጠ ግን አይናገርም። የኤሌክትሮኒክ ሽያጭ ደረሰኝ እያንዳንዱን ግብይት በሻጩም በገዢውም መለያ ቁጥር ስለሚመዘግብ፣ የአንዱ ሽያጭ ከሌላው ግዢ ጋር ተገናዝቦ የሚገጥምበትን ወይም የማይገጥምበትን ነጥብ ያሳያል።

ይህን ለማስፈጸም አገሮች የተከተሏቸው መንገዶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው «ቅድመ ማረጋገጫ» ሊባል የሚችለው ሲሆን፣ ሻጩ ሰነዱን ለገዢው ከመስጠቱ በፊት ወደ ታክስ ባለሥልጣኑ ሥርዓት ልኮ፣ ተመርምሮና መለያ ተሰጥቶት እንዲመለስለት ያደርጋል። ሁለተኛው «ድኅረ ማሳወቅ» ሊባል የሚችለው ነው፤ ሻጩ ሰነዱን ወዲያው ለገዢው ሰጥቶ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለባለሥልጣኑ ያሳውቃል። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2003 በፈቃደኝነት የጀመረችውን የኤሌክትሮኒክ ሽያጭ ደረሰኝ በ2014 በሕግ ግዴታ አድርጋዋለች። ጣሊያን ከጥር 1 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ በነጋዴዎች መካከል የሚደረግ የአገር ውስጥ ሽያጭ ደረሰኝ በመንግሥት የመለዋወጫ ሥርዓት በኩል እንዲያልፍ ያዘዘች ሲሆን፣ በዚያ ያላለፈ ሰነድ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ሳዑዲ ዓረቢያ ሁለቱን መንገዶች አጣምራ ይዛለች፤ «ፋቱራ» በተባለው ሥርዓቷ ነጋዴ ለነጋዴ የሚሰጠው ደረሰኝ አስቀድሞ ይረጋገጣል፣ ለተራ ሸማች የሚሰጠው አጭር ደረሰኝ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ይሳወቃል። በሪያድ ወይም በጅዳ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሱቅ በሚቀበለው ወረቀት ላይ የሚያየው ኪውአር ኮድ የሻጩን ስም፣ የታክስ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ጠቅላላ ዋጋውንና የታክሱን መጠን የያዘ ነው። በእስራኤል ደግሞ ከግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነጋዴዎች መካከል የሚደረግና ከ25,000 ሼቄል በላይ የሆነ ሽያጭ ደረሰኝ ከታክስ ባለሥልጣኑ የምደባ ቁጥር ሊሰጠው እንደሚገባ ተደንግጓል፤ ቁጥሩ የሌለው ሰነድ ገዢውን የታክስ ቅናሽ ያሳጣዋል፤ መነሻ መጠኑም በየጊዜው እየወረደ ሄዷል። የእስራኤሉ ምሳሌ በተለይ የሚያስተምረው ቅጣቱ በገዢው ጥቅም ላይ ስለ ተንጠለጠለ ነው፤ ሻጩን የሚቆጣጠረው ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ይልቅ የራሱ ደንበኛ ይሆናል።

ከዚህ ፈጽሞ የሚለየው የአሜሪካ ሁኔታ ነው። በዚያ ተጨማሪ እሴት ታክስ የለም፤ 45 ክፍለ ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ የሚሰበስቡት የሽያጭ ታክስ የሚጣለው በመጨረሻው ሸማች ግዢ ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ደረሰኙ ገዢው ከሚያሳውቀው ታክስ የሚቀነስ ገንዘብ አይወክልም። የነጋዴው ጭንቀት ያለው በሌላ በኩል ነው፦ ምጣኔው ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት፣ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳውዝ ዳኮታና በኢንተርኔት ቸርቻሪው በዌይፌር ክርክር ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ደግሞ፣ በአንድ ክፍለ ግዛት ሱቅም መጋዘንም የሌለው ሻጭ ሽያጩ በሕግ ከተወሰነው መጠን ካለፈ ታክሱን እንዲሰበስብ ሊገደድ ይችላል፤ የሳውዝ ዳኮታ ሕግ ያስቀመጠው መጠን በዓመት 100,000 ዶላር ወይም 200 ግብይት ነበር። በርበሬና ሽሮ በኢንተርኔት ለመላው አሜሪካ የሚሸጥ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባው ሕግ ይህ ነው።

በአማርኛ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ ሽያጭ ደረሰኝ የራሱ የሆኑ ችግሮች አሉት፤ መፍትሔያቸውም ከሌላ አገር ሶፍትዌር ጋር ተዘጋጅቶ አይመጣም። መጀመሪያ የፊደሉ ነገር አለ። «ኃይሉ»፣ «ኀይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው፤ ሻጩ በአንደኛው፣ ገዢው በሌላው ከጻፉ ሁለቱን መዝገቦች በስም ማገናዘብ አይቻልም፤ ስለዚህ ማገናዘቢያው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ብቻ ሊሆን ይገባል፣ ስሙም ለሰው ዓይን ይቀመጣል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በደረሰኝ ላይ 03/04/2017 ተብሎ የተጻፈ ቀን ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ነው የሚለውን ቁጥሩ ብቻውን አይመልስም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሰባት ዓመት በላይ ነው። የአሥራ ሦስተኛው ወር የጳጉሜን ሽያጭም አሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ፕሮግራም ስፍራ አያገኝም። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው፤ ባለሱቁ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» የሚለው በመሣሪያው ሰዓት ስምንት ሆኖ ይመዘገባል፣ ክርክር በተነሣ ጊዜም ምስክርና መዝገብ የማይስማሙ ይመስላሉ። ለእነዚህ ሁሉ የሚበጀው መረጃው በውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ ስልት ተቀምጦ፣ ለሰው በሚታየው ገጽ ግን በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ሥራው የሚከብድ ባይሆንም ሥርዓቱ በተዘረጋ ማግሥት የሚታሰብ ሳይሆን በንድፉ ውስጥ አስቀድሞ መግባት ያለበት ነው።

የኤሌክትሪክና የኔትወርክ መቋረጥም በተመሳሳይ ሁኔታ አስቀድሞ የሚታሰብ ነው፤ ግንኙነት ሲጠፋ መሣሪያው ደረሰኙን ፈርሞ እንዲያቆይና መስመሩ ሲመለስ እንዲልክ ካልተፈቀደለት፣ ኔትወርክ በጠፋበት ከተማ ሕጋዊ ሽያጭ ይቆማል። «መፈረም» የተባለው እዚህ ላይ በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ዕውቅና ያገኘውን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ይመለከታል፤ ይህም በሒሳብ ስሌት ከሰነዱ ይዘት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ከተፈረመ በኋላ አንድ ቁጥር እንኳ ቢለወጥ ለውጡ ይታወቃል። ከዚህ የተነሣ የተሳሳተ ደረሰኝ አይሰረዝም፣ አይደለዝምም፤ ዋጋው ከበዛ ልዩነቱን የሚቀንስ የክሬዲት ማስታወሻ፣ ካነሰ የሚጨምር የዴቢት ማስታወሻ ወጥቶለት የመጀመሪያውን ቁጥር ይጠቅሳል።

«ዋና» እና «ቅጂ» የሚሉት ቃላትም ቦታ ይለዋወጣሉ። በጥራዙ ዘመን ዋናው ለገዢ የሚሰጠው ወረቀት ነበር፤ ቅጂውም በካርቦን ተቀድቶ ከጥራዙ ጋር ይቀር ነበር። በኤሌክትሮኒክ ሽያጭ ደረሰኝ ዋናው የተፈረመው ፋይል ሲሆን፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እንዲህ ያለው ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንዳያጣ ይጠብቀዋል። ገዢው ከሱቅ ይዞት የሚወጣው ወረቀት የፋይሉ ቅጂ ነው፤ የሙቀት ወረቀቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢደበዝዝ የሚጠፋው ቅጂው ሲሆን፣ ነጋዴው ተጠንቅቆ ሊያስቀምጠውና ኦዲተር ሲመጣ ሊያቀርበው የሚገባው ፋይሉን ነው።