አባት እንደ ተመልካች፤ ሦስት የአባቶች ማስታወሻዎች በሕፃናት አስተዳደግ ታሪክ

መግቢያ

ስለ ልጅ አስተዳደግ ከጥንት ጀምሮ የተጻፉት ጽሑፎች አብዛኞቹ የምክር መልክ ያላቸው ናቸው። አባት ይናገራል፤ ልጅ ያዳምጣል። በአገራችን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ምሳሌ ሲሆን፣ ርእሱ ራሱ የሁለቱን ወገኖች ቦታ ለይቶ ያሳያል። ይሁን እንጂ የቃል ምክር የሚጠቅመው ነፍስ ላወቀ ልጅ ነው። ገና አፉን ላልፈታ ወይም በቅርቡ ለፈታ ሕፃን ግን ምክሩ የሚያስፈልገው ለአሳዳጊው ነው፤ ያም ምክር ሕፃኑን በማየት ካልተገኘ በስተቀር ዋጋው አነስተኛ ይሆናል።

ይህን ቁም ነገር ከቤታቸው የዕለት ተዕለት ኑሮ የተገነዘቡና የተገነዘቡትንም በጽሑፍ ያቆዩ አባቶች አሉ። ይህ ጽሑፍ ከእነርሱ መካከል የስዊሱን የፔስታሎዚን፣ የእንግሊዛዊውን የዳርዊንንና የቻይናዊውን የቸን ሄቺንን ማስታወሻዎች በመመርመር፣ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሰጡትን ትምህርት ለማመልከት ይሞክራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ፔስታሎዚ፤ ከመጽሐፍ ወደ ልጅ

ዮሐን ሃይንሪክ ፔስታሎዚ በ1770 ወንድ ልጅ በወለደ ጊዜ፣ «ኤሚል» የተባለውን መጽሐፍ በ1762 ላሳተመው ለዣን ዣክ ሩሶ ከነበረው አድናቆት የተነሣ ልጁን በደራሲው ስም ሰየመው። ልጁንም በመጽሐፉ መሠረት ለማሳደግ ቆርጦ ተነሣ። በ1774 መጀመሪያ ላይ፣ ልጁ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆነው፣ በኖይሆፍ እርሻው ሆኖ ለሦስት ሳምንት ያህል የጻፈው ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይገኛል።

ማስታወሻው የሚያሳየው በሁለት ሐሳብ የተወጠረ አባት ነው። በአንድ በኩል ተፈጥሮ ራሷ ታስተምረው ይላል፤ በሌላ በኩል የሦስት ዓመቱን ሕፃን አስቀምጦ የላቲን ቃላትና ቁጥር ያስጠናዋል። ልጁ ሲሰለችና እምቢ ሲል አባት ማስገደድ ይቃጣዋል፤ ወዲያው ደግሞ ማስገደዱ ትክክል መሆኑን ይጠራጠራል። አንድ ቀን ልጁ የቁጥሮችን ስም በቃሉ እንደሚያወርድ፣ ትርጉማቸውን ግን ፈጽሞ እንደማያውቅ ተረዳ። ቃል ከነገሩ ቀድሞ ከተሰጠ ለእውነተኛ ዕውቀት እንቅፋት እንደሚሆን የተገነዘበው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጥሩ የማስታወስ ችሎታ እንዳለው ለቤቱ አገልጋይ በነገረው ጊዜም፣ አገልጋዩ ይህን አምኖ፣ አባት ግን ልጁን ከልክ በላይ እየገፋው መሆኑን ነገረው። ፔስታሎዚ ይህን ተግሣጽ አልሸሸገውም፤ ከራሱ ሥጋት ጋር አያይዞ መዘገበው።

የልጁ ታሪክ መጨረሻ አሳዛኝ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ ማንበብና መጻፍ በቅጡ አይችልም ነበር፤ በ1801 በሠላሳ አንድ ዓመቱ ገደማ ሞተ። የሚጥል በሽታ ስለነበረበት ሁሉንም ነገር በአባቱ አስተዳደግ ማሳበብ ከፍትሕ የራቀ ይሆናል። ሆኖም አባቱ ስሙን ያስጠራለትን «ጌርትሩድ ልጆቿን እንዴት እንደምታስተምር» የተሰኘውን መጽሐፍ ያሳተመው በዚያው በ1801 መሆኑ፣ በአንድ ሊቅ ሐሳብና በገዛ ቤቱ መካከል ምን ያህል ርቀት ሊኖር እንደሚችል ያሳስባል። ትምህርት ከቃል ሳይሆን ነገሩን በዓይን ከማየትና በእጅ ከመዳሰስ ይጀምር የሚለው የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ፣ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት በዚያ ማስታወሻ ላይ ፍንጩ ይታያል።

2. ዳርዊን፤ ሳይፈርዱ ማየት

ከፔስታሎዚ በኋላ ጀርመናዊው ዲትሪክ ቲደማን በ1787 ስለ ልጁ ዕድገት ያየውን አሳተመ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን የቻርልስ ዳርዊን ማስታወሻ ነው። ዳርዊን የበኩር ልጁ ዊልያም በ1839 መጨረሻ ላይ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ የጻፈውን ይዞ ሠላሳ ሰባት ዓመት ከቆየ በኋላ በ1877 «ማይንድ» በተባለው መጽሔት አወጣው።

ዳርዊን ልጁን ለማስተማር አልቸኮለም። በሰባተኛው ቀን የሕፃኑን ውስጥ እግር በወረቀት ሲነካው ሕፃኑ እግሩን መሰብሰቡን፣ በአርባ አምስተኛው ቀን ገደማ የእውነት ፈገግታ ማሳየቱን፣ በአራት ወር ተኩሉ በመስተዋት ውስጥ የራሱንና የአባቱን ምስል አይቶ መሣቁን መዘገበ። ለጨዋታ ብሎ ከፍ ባለ ድምፅ ሲያንኮራፋ ሕፃኑ ደንግጦ ማልቀሱንም ጽፏል። በአንድ ዓመቱ ገደማ ልጁ ለምግብ የራሱን ቃል መፍጠሩ፣ ሕፃን የሰማውን ደጋሚ ብቻ አለመሆኑን አመለከተው።

ለአሳዳጊ ከሁሉ የሚጠቅመው ሌላው ምሳሌ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ገደማ ሲሆነው ስኳር በድብቅ ወስዶ ሲወጣ አባቱ አገኘው፤ ሌላ ቀንም በልብሱ ላይ የፈሰሰበትን ነገር ሊሸሽግ ሲሞክር ያዘው። ዳርዊን ድርጊቱን እንደ ክፉ ጠባይ አልቈጠረውም፤ የኀፍረት ስሜት መብቀሉን ከፊቱ አነበበ እንጂ። ልጁ የሚታረመው በጎ ስሜቱን በመቀስቀስ ብቻ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ ግልጽና እውነተኛ ሆኖ ማደጉን አባት መስክሯል።

3. ቸን ሄቺን፤ ከማስታወሻ ወደ ትምህርት ቤት

በ1882 ቪልሄልም ፕራየር በልጁ ላይ ያካሄደውን የሦስት ዓመት ጥናት ካሳተመ በኋላ የሕፃናት ጥናት ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ወደ መሆን አመራ። ዘርፉንም ከወላጆች የዕለት ኑሮ ጋር መልሰው ካገናኙት አንዱ ቻይናዊው ቸን ሄቺን (1892–1982) ነው። በአሜሪካ ተምሮ በ1919 ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1920 መጨረሻ የተወለደውን የበኩር ልጁን ዪሚንግን ለ808 ቀናት በጽሑፍና በፎቶግራፍ ተከታተለ። በ1923 በናንጂንግ ከተማ መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ፤ በ1925 ደግሞ ስለ ሕፃናት ሥነ ልቡናና ስለ ቤተሰብ ትምህርት ሁለት መጻሕፍት አሳተመ።

ምክሮቹ ከኑሮ የተወሰዱ ናቸው። ልጁ አሮጌ ቆሻሻ ጥጥ ለብሶ ሲጫወት ባየው ጊዜ፣ ቢነጥቀው እንደሚያለቅስ፣ ቢቈጣውም እልክ እንደሚይዝ አሰበ። ስለዚህ ጥጡ ቆሻሻ መሆኑን ነግሮ፣ ንጹሑን ሄዶ እንዲያመጣ አሳሰበው፤ ልጁም በደስታ ሄደ። ቸን ከዚህ ያወጣው ትምህርት፣ ሕፃንን «ተው!» ከማለት የሚያደርገውን ማሳየት ይበልጣል የሚል ነው።

4. የማስታወሻዎቹ ውሱንነት

እነዚህ ጽሑፎች ጉድለት አላቸው። እያንዳንዳቸው በዋናነት በአንድ ልጅ ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ለሁሉም ሕፃናት ደንብ ሊሆኑ አይችሉም። ጸሐፊዎቹም ለመጻፍ ዕውቀትና ፋታ የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ለዕለት ጉርሱ ከንጋት እስከ ምሽት የሚደክም አባት ይህን ሁሉ እንዲጽፍ መጠበቅ አይገባም። ከዚህም በላይ በዳርዊን ጽሑፍ ሞግዚቲቱ አልፎ አልፎ ብቻ እንደምትነሣ ሁሉ፣ ቀኑን ሙሉ ከሕፃኑ ጋር የሚውሉት እናቶችና ሞግዚቶች የሚያውቁት ነገር በአባቶች ብዕር ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

ማጠቃለያ

ሦስቱ አባቶች በሚያመሳስላቸው ነገር ላይ ግን ጥርጥር የለም፤ ይኸውም ምክራቸው የጠነከረው ልጁ ያስተማራቸውን ለመቀበል በፈቀዱበት ቦታ ነው። ፔስታሎዚ አገልጋዩን ሲያዳምጥ፣ ዳርዊን ከመቅጣት በፊት ፊትን ሲያነብ፣ ቸን ከቁጣ ይልቅ ምርጫ ሲሰጥ፣ ሁሉም አስቀድመው አይተዋል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረታችን ስለ ሊጡ እውነት ነው፤ ልጁ እንዴት እንደሚያቦካ ቁጭ ብሎ ያየ አባት ግን ከእራት የሚበልጥ ነገር ያገኛል። ስለዚህ የአንደኛ ክፍልና የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ወላጅ አባትን ሲያገኙ «ልጅህን ምን መከርኸው?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሳምንት ሲያደርግ ያየኸው ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ስለ ተማሪያቸው ብዙ ያውቃሉ። መጻፍ የማይችል አባትም ያየውን መናገር ይችላል፤ መምህሩ ይጽፍለታል። ለወላጆች የሚዘጋጁ የትምህርት ጽሑፎችን የሚያቅዱ ክፍሎችም የወላጅን ግዴታ ከመዘርዘር አልፈው፣ በየዕድሜው ምን ማየት እንደሚገባ ቢያመለክቱ ከቤትና ከትምህርት ቤት መካከል ያለው ርቀት በእጅጉ ይጠባል።